ለጠመንጃ ጫማ የሰፋሁበት ዘመን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚተዋወቀኝ ሰው ሁሉ «ምን ነበር የሚሠሩት?» ይለኛል። «ለጠመንጃ ጫማ እሰፋ ነበር» እለዋለሁ። ሰውየው መጀመሪያ እኔን ያያል፤ ቀጥሎ ወደ ልጆቼ ዞር ይላል፤ እናታችሁ መቀባጠር ጀመረች እንዴ የሚል ጥያቄ ዓይኑ ላይ ይነበባል። ልጆቼ ይህችን ጨዋታዬን ስለለመዷት ይስቃሉ እንጂ አያስረዱልኝም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ሳልጽፈው ብሞት ደግሞ ማንም የሚያምንልኝ የለም።

ልደታ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር ሲወረድ፣ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት ቦታ በደርግ ጊዜ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። የመንግሥት የጠመንጃ መጠገኛ ነው። የጦር ሠራዊቱን መሣሪያ የሚጠግነው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው የአደን ጠመንጃ፣ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ጠመንጃ፣ አልፎ አልፎም ከአያት የወረደ የዘበኛ ምንሽር ነበር። እኔ ከዚያ በፊት አንድ የተወረሰ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ያለቀ ሶል አነሣለሁ፣ አዲስ እለጥፋለሁ። ሠራተኛ በዛ ተብሎ ስንበተን የእኔ የዝውውር ደብዳቤ ላይ «የጎማ ባለሙያ» ተብሎ ተጻፈ። ጎማ ጎማ ነው ብሎ ያሰበ አንድ የቢሮ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ እግዜር ይስጠው።

የመጀመሪያ ቀን ስገባ ወንዶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አንደኛው «እህቴ፣ የመኪና ጎማ የሚጠገነው ከመንገዱ ማዶ ነው» አለኝ። ደብዳቤዬን ሳሳየው ተቀባበሉትና ሲስቁ ቆዩ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ደሞዟ ያው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ጫፍ ሰደፍ ይባላል፤ ሰደፉ ላይ ጎማ ካልተደረገበት ተኳሹ ከታዳኙ አውሬ እኩል ይጎዳል። ከውጭ የሚመጣው የሰደፍ ጎማ በዚያ ዘመን ከየትም አይገኝም። ስለዚህ ጎማውን ከጫማ ሶል እኔ እየቆረጥኩ እሠራለሁ፤ ሰደፉ ላይ የሚገጥሙት ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ቆይተው ነው ወደ ጠመንጃ እንጨት የገቡት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ሲናገሩ ሰው የሚያስቁ ነበሩ። ካቻቢቴያቸውን በየብሎኑ ልክ በሞረድ ይሞርዱታል። ምን ያደክመዎታል ብላቸው፣ ጠባብ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላል፣ ሰፊው ደግሞ እንጨቱን ይበላል፣ ለሁለቱም ጾም ማስያዝ የኔ ፋንታ ነው አሉኝ።

ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ደግሞ መጀመሪያ በጥቂቱ ያጠብቁታል። ይህን ሳይ ተሳስተው መስሎኝ «ጋሼ፣ ወዲያ እኮ ነው የሚፈታው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ልፈታህ ነው ብለሽ ከመጣሽበት ይሰማና ይነክስሻል። መጀመሪያ ላጥብቅህ በዪው፤ ያኔ ይለቅሻል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዛገ ብሎን ግትርነቱ የሚሰበረው በዚያች ትንሽ መጥበቅ ነው። ጎማው ውስጥ የተደበቀ ብሎን ሲሆን ደግሞ በቀዳዳው የሳሙና ውኃ ጠብ ያደርጋሉ፣ ካቻቢቴውንም ሳሙና ያስነኩታል። በደረቁ የገባ ካቻቢቴ ጎማውን ሳይቀድ አይወጣም። የወጣው ብሎን ክብሪት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የላይኛው በአንዱ፣ የታችኛው በሌላው። ከእንጨቱ የረገፈች ስንጣሪ እንኳ ብትሆን ክብሪት ሣጥን አላት። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ሰፈር ለሰፈር ባዶ የክብሪት ሣጥን ሲለምኑ ይውላሉ።

አገጣጠሙንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አዲሱ ጎማ ሁልጊዜ ከሰደፉ ተረፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ሰደፉ እንዳይጫር ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር ይለብሳል። ጎማው በቦታው ይያዝና የሰደፉ ዙሪያ በመርፌ ጎማው ላይ ይጫራል፤ ከዚያ ጎማው ይወርድና ለብቻው እስከ ጭረቷ ይሞረዳል። እንጨቱ ላይ እንዳለ መሞረድ ይቀላል፣ ግን ሞረድ ጎማና እንጨት አይለይም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፈተናው ነጠላ ነው። የመጀመሪያውን ሥራዬን ይዤ ስቀርብ ጋሽ ሸምሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብ አድርገው በጎማውና በእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ ጎተቱት። አንዲት ክር ያዘች። «አላለቀም» ብለው መለሱልኝ። ለክሯ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ለሥራ ብቻ አስቀመጥኩ።

አለቃችን ጓድ ታደለ ይባላሉ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ስብሰባ ይጠሩና የጠመንጃ ሰደፍ ከዓለም ጭቁን ሕዝብ ትግል ጋር ያለውን ግንኙነት ያብራራሉ። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ገልጠው መተኛት የሚችሉት ያን ጊዜ ነው። ጓድ ታደለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲበዛ ይፈራሉ እንጂ። በተለይ «የመንግሥት ንብረት አበላሸ» የምትባለዋን ቃል ሲሰሙ ላብ ያጠምቃቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ጊዜ እሷን ቃል ያልፈራ አልነበረም።

አንድ መስከረም ላይ ደምሴ የሚባል የዱር እንስሳት ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ከእኔ ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ሳቅ። የቀኝ ትከሻው ከዓመት በፊት ተሰብሮ ገና በቅጡ አልጠናም። ምን ሰበረህ ስንለው ጎሽ አለ። የጎሹን ቁመት፣ የቀንዱን ስፋት፣ ራሱ ዘሎ እንዴት እንዳመለጠ ሲያወራልን የሻይ ሰዓታችን አለቀ። በማግሥቱ ሲደግመው ጎሹ አድጎ ነበር።

ከጨዋታው ሥር ግን ጭንቅ ነበረ። ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ደምሴ ቃታውን ሊስብ ሲል ምቱን ፈርቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥይቱም የትም ይሄዳል። የጠባቂዎቹ የዓመቱ የተኩስ ፈተና ከመስቀል በኋላ ነው። ከወደቀ ከጫካ ያነሡትና አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያቆሙታል። መሥሪያ ቤቱ ለፈተናው ያህል ጎማ እንዲደረግለት ፈቅዷል፤ ግን ያንኑ ጠመንጃ በፈረቃ የሚይዘው ባልደረባው ክንደ አጭር ስለሆነ፣ ጎማው ደግሞ ጠመንጃውን ስለሚያስረዝመው፣ ወዲያው ተነሥቶ እንደነበረው መመለስ አለበት። እንጨቱ ላይ አንዳች ጉዳት ቢገኝ ተጠያቂዎቹ እሱና እኛ ነን።

«ዘኒ፣ እኔ ሌሊት የአንበሳ ድምፅ ሰምቼ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለኝ። «በር ላይ ቆሜ የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ይታይሻል?»

ሲስቅ እንጂ ሲለምን አይቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። ይህ ሰው በእኔ እጅ ጫካውን አያጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በዚያ ዓመት መስቀልና አረፋ በአንድ ሳምንት ዋሉ። የጉራጌ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለአረፋ አገሩ ሲገባ ሰፈሩ ባዶ ቀረ። የቆርቆሮው ቤታችንም እንዲሁ። ጋሽ ሸምሱ የሰደፉን የብረት ክዳን በወጉ ፈትተው፣ ብሎኖቹን በየሣጥናቸው አድርገው ስልጤ ሄዱ። ሲመለሱ ፈተናው ጥቂት ቀን ስለሚቀረው ደርሰው ሊገጥሙት ነበር ሐሳባቸው። እሳቸው በሄዱ ማግሥት ግን ከጠባቂዎቹ አለቃ ተደውሎ ጠመንጃው ቶሎ ተገጥሞ ይሞከር ተባለ። ጓድ ታደለ ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው «ጓድ ዘነበች፣ ዛሬውኑ ይገጠም» አሉ።

ጎማውን በብሎን ለማሰር ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል። ብሎኑ መጋዘን ውስጥ አለ። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ከመጋዘን ኃላፊው ኪስ ጋር ጉራጌ አገር መስቀል ሊበላ ሄዷል። ቀረ ኮላ። ኮላ ደግሞ የኔ ግዛት ነው፤ በጫማ ፋብሪካ ወግ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ ጫን አድርጌ ለጠፍኩት። የነጠላውንም ፈተና አለፈ። ጓድ ታደለ ደስ ብሏቸው ሻይ ጋበዙኝ።

በማግሥቱ ደምሴ ሊሞክረው መጣ። ፈተናው የሚካሄደው ጠዋት በብርድ ነውና የሥራ ካፖርቱን ደርቦ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ጣቱ ቃታው ጋ አልደርስ አለ። እኔ ጎማውን የለካሁት በሸሚዝ ሳለ ነው፤ ካፖርቱ አንድ ጣት ያህል ጨመረ፣ ጎማዬ ሌላ ጣት። መሳሳት አለበት። ከላዩ እንዳልሞርደው ለስላሳው ጎማ ከላይ፣ ጠንካራው ከሥር ነው፤ ለስላሳውን ካነሣሁበት ለትከሻው ምን ተረፈው? ተነሥቶ ከሥር መቅጠን አለበት።

የጫማ ሶል የሚነሣው ከጣቱ በኩል ነው። ይህን ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነው። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳው መንጋጋ መሐል አሰርኩ፤ ቀጭኗን ቢላዬን በሰደፉ የታችኛው ሹል ጫፍ በኩል፣ የጫማ ጣት ቢሆን በሚሆንበት በኩል ማለት ነው፣ ሰካኋት። ጎማው መላቀቅ ሲጀምር ደስ አለኝ። ወዲያው ደረቅ ሽምብራ ጥርስ ሥር ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጎማው ሲነሣ ከጫፉ አንዲት የእንጨት ስንጣሪ ይዞ ተነሣ።

ከጫማ ሁሉ ጠንካራው ጣቱ ነው፤ ከሰደፍ ሁሉ ደካማው ያ ጫፍ ነው። የእንጨቱ ጅማት እዚያ ጋ ሾልኮ ያልቃል፤ ስለዚህ ጎማ የሚነሣው ከላይኛው ተረከዝ ወደ ታች ነው። ይህን እንጨት ሠሪ ለእንጨት ሠሪ አይነግረውም፣ አብሮት ያደገ ነገር ነውና። እኔ ግን ያደግሁት ከጫማ ጋር ነው።

ጓድ ታደለ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ደምሴ ስንጣሪዋን ከጎማው ላይ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«በጎሹ እናሳብባለን። ትከሻዬን የሰበረ ጎሽ እንጨት ቢሰብር ምን ይገርማል?»

ሊያስቀኝ ነበር፤ እኔን ግን ልቅሶዬ ቀደመኝ። ለእሱ ብዬ አለቀስኩ፣ ለራሴም ፈርቼ አለቀስኩ። ስንጣሪዋን ግን ቀስ ብዬ ከጎማው ላይ አላቅቄ ክብሪት ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። እጄ ያደረገው ነገር ነው፣ አስቤው አይደለም።

ጋሽ ሸምሱ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው ሲመለሱ ሰላምታቸውን ሳልጨርስ ወደ ሞርሳው ወሰድኳቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ።

«ስንጣሪዋስ?» አሉ።

ክብሪት ሣጥኗን ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩና ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያ ምን ጠፋ? ለጊዜው ተጣልተው ነው እንጂ አልተፋቱም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እንጨቱ ላይ የቀረውን ኮላ አልፋቁትም፤ ሞቅ ባለ ጨርቅ እያለሰለሱ በጣታቸው ጫፍ እንደ ሙጫ አንከባለሉት። የእንጨት ኮላ በስንደዶ ጫፍ ጠብ አድርገው ስንጣሪዋን ወደ ቦታዋ መለሷት፤ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠፍረው አሳደሯት። በማግሥቱ ፈትተው በማንኪያ ጀርባ አሹት፣ የተልባ ዘይትም በአውራ ጣታቸው እየቀቡ አጠጡት። ስንጣሪዋ የት ጋ እንደነበረች የማውቀው እኔ እንኳ ፈልጌ አጣኋት። ደስታዬ ግን አጭር ነበር።

«ይህ እንጨት ቆስሎ የዳነ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ከእንግዲህ ኮላም ረጅም ብሎንም አላስነካውም።»

ፈተናው ደግሞ ደርሷል። የብረት ክዳኑን በቦታው መልሰው፣ የገዛ ብሎኖቹን ጧፍ አስነክተው ሲያስሩ ቆሜ አያለሁ። ሰደፉ ከሞርሳው ወጥቶ ወደ እኔ ተዘርግቷል፤ ልክ ድሮ በፋብሪካው ሱቅ በር ላይ ደንበኛ ለልኬት እግሩን ይዘረጋልኝ እንደነበረው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ጫማ እግር ላይ እኮ በኮላ አይለጠፍም።»

ካቻቢቴያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ቀጥሎ የራሳቸውን ጫማ አዩ። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ፤ ጓድ ታደለ ምን ሆናችሁ ብለው ከቢሯቸው እስኪወጡ ድረስ ሣቁ።

ሰደፉን ወረቀት ላይ አስቀምጬ እንደ እግር ዙሪያውን በእርሳስ ያዝኩ። ጋሽ ሸምሱ በዚያ ልክ ከዋንዛ ፎርማ፣ የጫማ መወጠሪያ ማለት ነው፣ ጠረቡልኝ። ከድሮ ፋብሪካዬ ጓደኛዬ ቁራጭ ቆዳ ሰጠችኝ። እንጨቱን እንዳይጭር ውስጡን የበግ ለምድ አለበስኩት፤ ካፖርት ላይ እንዳይዝ ውጪውን ለስላሳ ቆዳ አደረግሁት፤ ጎማው የሚገባበት ኪስ አበጀሁለት፣ ለሸሚዝ ወፍራሙ፣ ለካፖርት ቀጭኑ። ከጎኑ ቀዳዳ በስቼ የጫማ ክር አሰርኩለት። ይገባል፣ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ይወጣል። ብሎን የለው፣ ኮላ የለው። ደምሴ ካፖርቱን ለብሶ ሲሞክረው ጣቱ ቃታው ላይ ልክ አረፈ። «ጠመንጃዬ ከእኔ የተሻለ ተጫማ» አለ።

የፈተናው ቀን በጠባቂዎቹ መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ሁላችንም ሄድን። ጓድ ታደለ «ለቴክኒክ ክትትል» ብለው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ሜዳው ላይ ጠባቂዎቹ በተራ ይተኩሳሉ። የደምሴ ተራ ሲደርስ ሌላው ሰው ሁሉ ዒላማውን ያያል፣ እኔ ዓይኑን ነው የማየው። የመጀመሪያውን ሲተኩስ ጨፈነ። ጠመንጃው መታው፣ እሱ ግን አልጮኸም፤ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ተገርሞ ወደ ሰደፉ ተመለከተ። ሁለተኛውን ሲተኩስ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጨፈነም። ዒላማው ሲመጣ ከመጀመሪያዋ ጥይት በቀር ሁሉም መሐሉ ላይ ተሰብስበዋል። እኔ እልል ማለቴን የሰማሁት ሌሎቹ ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው።

ፈታኙ ኮስታራ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃውን ለመረከብ ክሩን ፈትተው ጫማውን አወጡና እንጨቱን መመርመር ጀመሩ። ጓድ ታደለ ላባቸውን እየጠረጉ ሳለ ጋሽ ሸምሱ ወደፊት ራመድ አሉ።

«እዚህ ሰደፍ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ ጠግነነዋል። የት እንደሆነ ቢያገኙት እዳው የኔ» አሏቸው።

አለቃችን የወደቁ መስሎኝ ደገፍኳቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወጡ። ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ጋሽ ሸምሱ ነጠላዬን ተቀብለው ሰጧቸው፤ እሱንም ጎተቱት፣ አንዲት ክር አልያዘም። በመጨረሻ ጠመንጃውን አስቀምጠው ጫማውን አነሡና ለእሳቸውም ጠመንጃ እንዲህ ያለ እሰፋላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስንመለስ የመኪናው ጀርባ ላይ ተቀምጠን፣ ደምሴ ከማንም ሳይጠየቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎሽ አይደለም» አለ። «በዚህችው መኪና ላይ የጤፍ ጆንያ ላይ ተኝቼ ስሄድ ነው የወደቅሁት።»

ልደታ እስክንደርስ ሣቃችን አላባራም። በሚቀጥለው ረቡዕ ጓድ ታደለ ስለ ጫማው ሁለት ሰዓት ተናገሩ፤ ጋሽ ሸምሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተኙም።

ከዚያ በኋላ ለስንት ጠመንጃ እንደሰፋሁ አላውቅም። መንግሥት ሲለወጥ መጠገኛው ተዘጋ፤ እኔም ወደ ቆዳዬ ተመልሼ እስከ ጡረታዬ ቦርሳና ቀበቶ ስሠራ ኖርኩ። ጋሽ ሸምሱ አገራቸው ገብተው እዚያው አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ካቻቢቴያቸውን ልጃቸው አምጥቶ ሰጠኝ፤ አሁንም የቤቴን በር ማጠፊያ የማጠብቀው በሱ ነው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ቤቴ አንድ ሽበታም ሰው መጣ። ሣቁን ስሰማ አወቅሁት። ደምሴም ጡረታ ወጥቷል፤ ከጫካው ሳይነቃነቅ፣ በር ላይ አንድ ቀን ሳይቆም። ሲሰናበት ጠመንጃውን፣ ካፖርቱን፣ ፊሽካውን ሁሉ አስረክቧል። የጠመንጃውን ጫማ ሲያቀርብ ግን ንብረት ክፍሉ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይህ ምንድን ነው? ቁጥር የለውም» ብሎ መለሰለት።

«ከዚያ የሰፋችው ትረከበኝ ብዬ መጣሁ» አለኝና ከኪሱ አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

ቆዳው ከላቡ ጠቁሯል፣ ክሩ ተበጥሶ በሌላ ተቀጥሏል፣ ስፌቴ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልላላም። ደምሴ ትከሻውን ነካ አድርጎ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ አለ። ውስጡን ማየት ፈለግሁ። የክሩ ቋጠሮ ጠንክሮ ነበርና መጀመሪያ በጥቂቱ አጠበቅሁት፤ ያኔ ለቀቀኝ።